ተመቸ ማለት ደህና ነው ማለት አይደለም፤ የመኪና እግር እንዴት ይፈተሻል?

እንደሚታወቀው ሞጆ የመንገድ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ ሲሆን፣ ወደ አዳማና ጅቡቲ የሚቀጥለው መንገድ ወደ ባቱ፣ ሻሸመኔና ሐዋሳ ከሚታጠፈው የሚለየው እዚችው ከተማ ላይ ነው። በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ የተመረቀው የአዲስ አበባ - አዳማ የፍጥነት መንገድ በአጠገቧ ያልፋል። ከጅቡቲ ኮንቴይነር ጭነው የሚመጡ ከባድ ተሽከርካሪዎችም ደረቅ ወደቧ ድረስ ይገባሉ። ስለዚህ ሞጆ ላይ የሚሠራ አንድ መኪና በአንድ ቀን ውስጥ ለስላሳውን አስፋልትም፣ የከተማውን ፍጥነት መቀነሻም፣ የገጠሩን የጠጠር መንገድም ሊቀምስ ይችላል። ይህን ሁሉ የሚችለው በምኑ ነው ቢባል መልሱ በእግሩ ነው።

"እግር" የሚሉት መካኒኮቹ ናቸው። ሞላው፣ ባሌስትራው፣ ሾክ አብዞርበሩ፣ ቦኮላው፣ ባጠቃላይ ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያገናኘው ክፍል ማለታቸው ነው። በመጽሐፍ ቋንቋ ሰስፔንሽን ይባላል። በዚህ ጽሑፍ የማነሣው ጥያቄ ቀላል ነው፤ የአንድ መኪና እግር ደህና መሆኑ በምን ይታወቃል? ብዙዎቻችን "ካልነጠረና ከተመቸ ደህና ነው" እንላለን። እኔ ግን ምቾት ጥሩ ምስክር አይደለም ባይ ነኝ። ለምን እንደሆነ ለማየት በቅድሚያ የእግሩን ሥራ እንረዳ።

ሞላ ይቀበላል፣ ሾክ አብዞርበር ያበርዳል

የሽቦ አልጋ ላይ የዘለለ ልጅ ነገሩን ያውቀዋል። አንዴ ዘለህ ብትተወውም አልጋው ወዲያው አይቆምም፤ ወደ ላይና ወደ ታች እያለ ይቆያል። ሞላ ማለት ይኸው ነው። ጉድጓድ ሲመታ ጉልበቱን ይቀበላል፤ ግን አያጠፋውም፣ መልሶ ይሰጣል። ሞላ ብቻ ያለው መኪና አንድ ጉድጓድ ካለፈ በኋላ እንደ አልጋው ሲወዛወዝ ይሄዳል።

ሾክ አብዞርበር የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። በውስጡ ዘይትና ጠባብ ቀዳዳዎች ያሉት ፒስተን አለ። ጎማው ሲወጣና ሲወርድ ዘይቱ በግድ በቀዳዳው ያልፋል፤ የንቅናቄው ጉልበትም ወደ ሙቀት ተለውጦ ወደ አየር ይወጣል። ባጭሩ ሞላው ክብደቱን ይሸከማል፣ ሾክ አብዞርበሩ ውዝዋዜውን ያበርዳል።

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ንቅናቄ እንዳለ ማስተዋል ያስፈልጋል። የመኪናው አካል በሞላው ላይ ሲወዛወዝ በሰከንድ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ያህል ነው። ይህንን ተሳፋሪው በሆዱ ያውቀዋል። ጎማው ራሱ ግን በአካሉና በመንገዱ መካከል በሰከንድ ከ10 እስከ 15 ጊዜ ሊነጥር ይችላል። ለምሳሌ የጠጠር መንገድ ላይ እንደ ማጠቢያ ሰሌዳ የሚወጡት ሸንተረሮች በ75 ሳንቲ ሜትር ርቀት ተደርድረዋል እንበል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ 11 ያህሉን ይመታል። ይህ እንግዲህ ጎማው ራሱ ሊነጥር ከሚወድበት ፍጥነት ጋር ገጠመ ማለት ነው። ሾክ አብዞርበሩ የሞተ ከሆነ ጎማው ግማሹን መንገድ በአየር ላይ ይሄዳል።

ታዲያ ምን አለበት ትሉ ይሆናል። ጎማ መንገዱን የሚጨብጠው በተጫነበት ክብደት ልክ ነው። በአየር ላይ ያለ ጎማ ፍሬን ቢያዝም አያቆምም፣ መሪ ቢዞርም አይታጠፍም። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ መኪና በአንድ ሰከንድ 28 ሜትር ያህል ይሄዳል። የፍሬን ጉዳይ ሁሉ የሚወሰነው በዚያች ሰከንድ ጎማው መሬት ላይ በመኖሩ ነው። የእግር ፍተሻም መለካት ያለበት ይህንኑ ጭበጣ እንጂ የወንበሩን ልስላሴ አይደለም።

ቀዝቃዛው ሾክ አብዞርበር

ባለፈው ክረምት ሞጆ ውስጥ አንድ ጋራዥ የሚሠራ የአክስቴ ልጅ ዘንድ ስውል፣ አንድ ሹፌር ጎማቸው ያለ አግባብ እየተበላ መሆኑን ተናግረው ሚኒባሳቸውን አቆሙ። ከጠጠር መንገድ ገና መግባታቸው ነበር። የአክስቴ ልጅ መሣሪያ አላነሣም። ተንበርክኮ አራቱንም ሾክ አብዞርበሮች በየተራ በእጁ ጀርባ ነካ ነካ አደረገና "አንተም ንካ" አለኝ። ሦስቱ ሞቀዋል፤ ከኋላ በስተግራ ያለው ግን ቀዝቃዛ ነው።

ምክንያቱን ከላይ አይተነዋል። የሚሠራ ሾክ አብዞርበር ንቅናቄን ወደ ሙቀት ይለውጣል፤ ያልሞቀው አልሠራም ማለት ነው። ሹፌሩ ግን አላመኑም። "እንዴ! መኪናው እኮ አሁን ነው የተመቸኝ፣ ለስለስ ብሎልኛል" አሉ። ልክ ናቸው፤ ለስላሳ ነው። የሞተ ሾክ አብዞርበር ሞላውን የሚገታው ስለሌለ በዝግታ ሲነዳ ልስላሴ ይሰማል። ዋጋው የሚከፈለው በፍጥነት መንገድ ላይ ድንገት ፍሬን ሲያዝ ነው።

በጋራዥና በምርመራ ጣቢያ

የእጅ ሙቀት ፍተሻ ቀላል ቢሆንም ብቻውን አይበቃም። ሌሎቹም የየራሳቸው ጥቅምና ጉድለት አላቸው።

በጣም የተለመደው ፓራፋንጎውን በኃይል ተጭኖ መልቀቅ ነው። አካሉ ተመልሶ ወጥቶ ከቆመ ደህና፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተወዛወዘ ደካማ ይባላል። ይህ ለቤት መኪና ፍንጭ ይሰጣል። ባሌስትራ ላለው መኪና ግን ያታልላል። ባሌስትራ ተደራርበው የታሰሩ ብረቶች ስለሆነ ብረቶቹ እርስ በርስ ሲፋተጉ ራሳቸው ውዝዋዜውን ይይዙታል። ሾክ አብዞርበሩ ሞቶም መኪናው ጸጥ ብሎ ይቆማል።

ሁለተኛው በዓይንና በመዳፍ ማየት ነው። ሾክ አብዞርበሩ ላይ ዘይት ፈስሶ አቧራ ከያዘ ማሸጊያው አልቋል። የጎማውን ጥርስ በመዳፍ ዳበስ ስናደርገው እዚህም እዚያም ጎድጎድ ካለ ጎማው ሲነጥር ኖሯል ማለት ነው።

ሦስተኛው በመሣሪያ ነው። የአውሮፓ የሾክ አብዞርበር አምራቾች ማኅበር ያወጣውና በምህጻሩ "ኢዩሳማ" የሚባለው ዘዴ በብዙ አገሮች የምርመራ ጣቢያዎች ይሠራበታል። ጎማው የሚቆምበት ሰሌዳ በ6 ሚሊ ሜትር ልክ ወደ ላይና ወደ ታች ይርገበገባል፤ በሰከንድ 25 ጊዜ ያህል ይጀምርና እየቀዘቀዘ ይቆማል። መሣሪያው የሚመዘግበው ጎማው ሰሌዳውን የተጫነበትን ዝቅተኛ ኃይል ነው። መኪናው ቆሞ ሳለ ከነበረው ክብደት ከ60 በመቶ በላይ ከሆነ በጣም ጥሩ፣ ከ20 በመቶ በታች ከሆነ አደገኛ ይባላል። ልብ በሉ፤ የሚለካው ጭበጣ ነው፣ ስለ ምቾት የጠየቀ የለም። ይሁንና ይህም መሣሪያ የጎማው ንፋስ ከልክ በላይ ከሆነ ውጤቱን ዝቅ ያደርገዋል። ስለዚህ ከፍተሻ በፊት ንፋስ መለካት ግዴታ ነው።

ከውድድር ሜዳ የሚቀዳ ልማድ

በውጭው ዓለም "ትራክ ደይ" የሚባል ቀን አለ። ውድድር አይደለም። ሰው ገንዘብ ከፍሎ የራሱን መኪና ይዞ ወደ እሽቅድምድም ሜዳ ይገባና ይነዳል። በጀርመን እ.ኤ.አ. በ1927 የተከፈተው፣ ዙሩ ወደ 21 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው ኑርቡርግሪንግ እንዲህ ባሉ አማተሮች የታወቀ ነው። ሞጆ እንዲህ ያለ ሜዳ የላትም። የአማተሮቹ የአፈታተሽ ልማድ ግን ሜዳ አይፈልግም፤ ደብተርና ትዕግሥት ብቻ ይበቃዋል።

የመጀመሪያው ሕጋቸው በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ ነው። የጎማ ንፋስና ሾክ አብዞርበር አብሮ የለወጠ ሰው መኪናው ቢሻሻል የቱ እንዳሻሻለው አያውቅም። ሁለተኛው ሌላውን ሁሉ እንዳለ ማቆየት ነው፤ ያው ሹፌር፣ ያው መንገድ፣ ያው ጭነት፣ ያው ፍጥነት። ሦስተኛው ለውጡን ሞክሮ ሲያበቃ ወደ መጀመሪያው ሁኔታ መልሶ እንደገና መንዳት ነው። መጀመሪያ ላይ የነበረው ችግር ተመልሶ ከመጣ ልዩነቱን ያመጣው ለውጡ ራሱ ነው፤ ካልመጣ ግን የአየሩ ወይም የሹፌሩ መላመድ ሊሆን ይችላል።

አንድ ደስ የሚል ዘዴም አላቸው። የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚታሰርበትን ቀጭን ፕላስቲክ በሾክ አብዞርበሩ ዘንግ ላይ ያስሩታል። እግሩ ሲታጠፍ ፕላስቲኩ ተገፍቶ እዚያው ይቀራል። ከጉዞ በኋላ እግሩ የት ድረስ እንደታጠፈ በማስመሪያ ይለካል። ወጪው የሳንቲም ነው።

ባሌስትራ ማስጨመር

አሁን ወደ መናኸሪያችን እንመለስ። ሹፌሮችና ባለንብረቶች መኪናው ከኋላ ሲተኛ የሚያገኙት መፍትሔ የታወቀ ነው፤ ባሌስትራው ላይ አንድ ብረት ማስጨመር። ስድስት የነበረው ሰባት ቢሆንና ብረቶቹ እኩል ቢሆኑ ጥንካሬው በአንድ ስድስተኛ ያህል ያድጋል። መኪናው ቀና ይላል፣ ትርፍ ቢጫንም አይተኛም። ሁሉም ደስ ይለዋል።

ነገር ግን ምን ተለወጠ? ሾክ አብዞርበሩ የተሠራው ለስድስቱ ነው፤ ሰባተኛው የሚመልሰውን ተጨማሪ ጉልበት የሚያበርድለት የለም። መኪናው ባዶውን ሲመለስ ደግሞ ይብሳል። የከበደው ባሌስትራ ያለ ጭነት አይታጠፍምና የኋላ ጎማ በየጉድጓዱ ይዘላል። በአይሱዙ የጭነት ሻንሲ ላይ ቦዲ የተሠራላቸው "ቅጥቅጦች" ባዶአቸውን ሲሆኑ ተሳፋሪውን የሚያነጥሩት ለዚሁ ነው፤ ባሌስትራው የታሰበው ለኩንታል ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን ቀና ያለው መኪና ትርፉን መደበቁ ነው። ፍሬኑ፣ ጎማውና አክሰሉ የሚችሉት ሊብሬው ላይ የተጻፈውን ያህል ነው፤ ብረት ስለተጨመረ አይጨምሩም። መንገዱም ቢሆን ይከፍላል። እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት በተደረገው ትልቅ የመንገድ ሙከራ፣ የአንድ አክሰል ጭነት ሲጨምር በአስፋልቱ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በአራተኛ ርቢ ገደማ እንደሚያድግ ታይቷል። 20 በመቶ ትርፍ ጉዳቱን እጥፍ ያደርገዋል ማለት ነው። የተጎዳው አስፋልት ደግሞ ጉድጓድ ሆኖ ያንኑ እግር መልሶ ይመታዋል።

ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች

ይህ ሁሉ የመካኒክ ወሬ ለጋዜጠኝነት ክፍል ምን ያደርግለታል የሚል አይጠፋም። በአገራችን በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በመንገድ አደጋ ይሞታሉ። ስለ አደጋው የሚጻፈው ዜና ብዙውን ጊዜ "በፍጥነት በማሽከርከር" ወይም "በቴክኒክ ጉድለት" በሚሉ ሁለት ሐረጎች ይዘጋል። "የቴክኒክ ጉድለት" ግን መልስ አይደለም፤ የጥያቄ መጀመሪያ ነው። የትኛው ጉድለት? የቦሎ ምርመራው መቼ ነበር፣ እግሩስ በእጅ ተገፍቶ ነው ወይስ በመሣሪያ የታየው? ባሌስትራው ላይ የተጨመረ ብረት አለ? ሊብሬው ስንት ሰው ይላል፣ ስንት ሰው ነበር?

እነዚህን ጥያቄዎች ለመጠየቅ መካኒክ መሆን አያስፈልግም። ስንጠይቅም የአማተሮቹን ሕግ እንያዝ፤ ፍጥነቱን፣ ጭነቱንና የእግሩን ጉድለት በአንድ ላይ አደባልቀን "ምክንያቱ ይህ ነው" አንበል፣ አንድ በአንድ እንለያቸው። ተሳፋሪ ስንሆን ደግሞ ረዳቱ "ግቡ፣ ቦታ አለ!" ሲል የኋላውን ጎማ አንዴ ዘወር ብሎ ማየት ምንም አያስከፍልም። ቸር መንገድ ይግጠመን።