መቶ ጆንያ፣ አምስት መኪና

የአዲስ አበባ መርካቶው የእህል ገበያ፣ እህል በረንዳ፣ ክፉ ወሬ አጥቶ አያውቅም። አንድ ሰሞን ጤፉ ባዕድ ነገር ተቀላቀለበት ይባላል፤ ሌላ ሰሞን በቆሎው ሻግቶ ነው የገባው ይባላል። ወሬው ከስልክ ስልክ ሲዞር ሁለት ዓይነት ሰው ይነሳል። አንደኛው «ናሙና ተወስዶ ተረጋግጧል» የሚለውን እንደሰማ ከመርካቶ የሚወጣ እህል ሁሉ መርዝ ይሆንበታል። ሁለተኛው፣ ብዙ ጊዜ ነጋዴው ወይም የነጋዴው ወገን፣ «በረንዳው ላይ ስንት ሺህ ኩንታል ተከምሮ እነሱ ያዩት መቶ ጆንያ አይሞላም፤ ይሄ ምን ይናገራል?» ብሎ ያጣጥላል። ሁለቱም ተሳስተዋል። የሁለተኛው ስህተት ግን ብልህነት ስለሚመስል የበለጠ ያስቸግራል፤ የፕሮባቢሊቲና የስታቲስቲክስ ትምህርት ወስደው ጥሩ ውጤት ካመጡ ሰዎች አፍም ይሰማል።

የሁለተኛውን ሰው ክርክር ስሌት ቶሎ ይጨርሰዋል። ከጆንያዎቹ 20 ከመቶው ችግር አለባቸው እንበል፤ መቶ ጆንያ ደግሞ በዕጣ እናውጣ። በረንዳው ላይ ያለው እህል ማለቂያ የሌለው ቢሆን የናሙናው ውጤት ከእውነቱ የሚርቅበት መደበኛ ስህተት 4 የመቶኛ ነጥብ ነው። የተከመረው 100,000 ጆንያ ቢሆን 3.998 ይሆናል። 1,000 ጆንያ ብቻ ቢሆን 3.8። ልዩነቱ ይኸው ነው፤ ጭነቱ መቶ እጥፍ ሲያድግ የናሙናው ምስክርነት የሚቀንሰው ከአንድ ነጥብ ሩብ ባነሰ ነው። ስለዚህ «ከጠቅላላው ስንት እጁ ታየ?» የሚለው ጥያቄ፣ ናሙናው ከጠቅላላው አንጻር ትንሽ እስከሆነ ድረስ፣ ረብ የለውም። መጠን ብቻውን ምንም እንደማያድን የሚያሳይ የታወቀ ምሳሌም አለ። እ.ኤ.አ. በ1936 አንድ የአሜሪካ መጽሔት 10 ሚሊዮን የድምፅ መጠይቅ በፖስታ ልኮ 2.4 ሚሊዮን ያህል መልስ ሰበሰበ፤ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በምርጫው ይሸነፋሉ ብሎም ጻፈ። ሩዝቬልት ከ48ቱ ግዛቶች 46ቱን አሸነፉ። ስሞቹ በብዛት የተለቀሙት ከስልክና ከመኪና ባለቤቶች ዝርዝር ስለነበር፣ በዚያ የችግር ዘመን ድሃው ከዝርዝሩ ውጭ ቀርቶ ነበር፤ መጠይቁ ከደረሳቸውም ብዙዎቹ አልመለሱም።

ታዲያ መጠየቅ ያለበት ምንድን ነው? አመራረጡ፣ በተለይም ከተመረጡት ውስጥ ስንቱ በራሱ የቆመ ምስክር እንደሆነ ነው። አራት ኪሎም ሆነ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የላቀውን የፕሮባቢሊቲ ኮርስ የሚወስድ ጎበዝ ተማሪ ከባዱ ነገር ማረጋገጫው ይመስለዋል፤ የብዙ ቁጥር ሕግ፣ ማዕከላዊው የወሰን ቲዎረም፣ የመሳሰሉት። ከባድ መሆናቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን የተፈቱ ናቸው። ያዕቆብ በርኑሊ የመጀመሪያውን ያረጋገጠበት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1713 ታትሟል። ያልተፈታው በየቲዎረሙ ራስጌ በአንድ መስመር የሚታለፈው ነው፦ «እርስ በርሳቸው ነጻ የሆኑና ስርጭታቸው አንድ የሆነ ምልከታዎች አሉን እንበል።» ሳንቲምና ዳይስ ላይ «እንበል» ማለት ዋጋ አያስከፍልም። እህል ላይ ያስከፍላል። የዚህ ሙያ ትልልቅ መሣሪያዎች የተወለዱትም እህል መሐል መሆኑ ሊረሳ አይገባም፤ ዊሊያም ጎሴት እ.ኤ.አ. በ1908 የትንሽ ናሙናን ስሌት ያወጣው ደብሊን በሚገኘው የጊነስ ቢራ ፋብሪካ ከገብስና ከሙከራ ማሳ ጋር ሲታገል ነው።

ለምን እንደሚያስከፍል ለመረዳት፣ በረንዳው ላይ ሻጭና ገዢ የሚያገናኘው ደላላ ምን እንደሚያደርግ ቀረብ ብለን እንይ። የጆንያውን አፍ ይፈታል፣ እጁን ይሰዳል፣ እፍኝ ያወጣል፣ በመዳፉ ያሸዋል፣ እፍ ብሎ ገለባውን ያበናል፣ ወደ ብርሃን አዙሮ ቀለሙን ያያል፤ ማኛ ነው፣ ነጭ ነው፣ ሰርገኛ ነው ይላል። መዳፉ ላይ 50 ግራም ጤፍ ቢኖር ሺህ ፍሬ 0.3 ግራም ገደማ ስለሚመዝን ከ150,000 በላይ ፍሬ ይዟል ማለት ነው። አንድ የበቆሎ ፍሬም 0.3 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ስለዚህ ያው እፍኝ በበቆሎ ቢሆን የሚይዘው 170 ያህል ፍሬ ብቻ ነው። በፍሬ ቆጠራ ከሄድን የጤፉ እፍኝ ከበቆሎው ሺህ እጥፍ የበለጠ ምስክር ነው፤ በጆንያው ውስጥ ያለው ሁሉ እኩል ከተደባለቀ። አይደባለቅም እንጂ። ከብቸናም ሆነ ከምንጃር ተጭኖ በመንገዱ ሲንገጫገጭ የመጣ ጆንያ ውስጥ ደቃቁ በትልልቁ መካከል ሾልኮ ይወርዳል፣ ትልልቁ ወደ ላይ ይቀራል። ማንም ሳያጭበረብር አፉ ላይ ያለው እፍኝና ሥሩ ያለው እፍኝ ሁለት የተለያዩ እህሎች ይሆናሉ። ጆንያውን ከላይ እስከ ታች የሚወጋ ውስጡ ባዶ የሆነ ብረት የተሠራው ለዚህ ነው።

በቆሎ ላይ ነገሩ ይብሳል፤ አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ ፍሬዎቹ ላይ እኩል አይሰራጭም። ከሺህ ፍሬ አንዷ ብቻ ተበክላ፣ እሷ ግን ከሚፈቀደው በብዙ ሺህ እጥፍ ልትይዝ ትችላለች። 100 ግራም በቆሎ 330 ፍሬ ያህል ነው፤ የተበከለችው ከሺህ አንድ ከሆነች፣ በዚህ ናሙና ውስጥ አንዲትም ላለመግባቷ ዕድሉ 72 ከመቶ ነው። ከአሥር እንዲህ ያለ ናሙና ሰባቱ ፍጹም ንጹሕ ይወጣል፤ ሦስቱ ደግሞ የሚያስደነግጥ ቁጥር ያሳያል። እህሉ አንድ፣ ላቦራቶሪው አንድ፣ መሣሪያው አንድ ሆኖ ማለት ነው። ሁለት ቤተ ሙከራዎች ከአንድ ጭነት የተለያየ ውጤት ሲያወጡ «አንደኛው ጉቦ በልቷል» ከማለት በፊት ይህ ስሌት ሊሠራ ይገባ ነበር። 5 ኪሎ ተወስዶ በሙሉ ቢፈጭና ቢደባለቅ ግን ውስጡ 17 ያህል የተበከሉ ፍሬዎች ይገባሉ፤ ውዥንብሩ ወደ አማካዩ ሩብ ይወርዳል። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ከትልቅ የእህል ጭነት 100 ቦታ ተነክቶ የተጠራቀመ 10 ኪሎ የሚጠይቀው በዚህ ምክንያት ነው። ወተት በዚህ ረገድ ገር ነው፤ በማጠራቀሚያው ውስጥ ራሱን ይደባልቃል። በአዲስ አበባ ዙሪያ የተሰበሰቡ 110 የወተት ናሙናዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ጥናት ሁሉም ላይ አፍላቶክሲን አግኝቷል፤ ምንጩም በዋናነት ለከብት የሚሰጠው የኑግ ፋጉሎ ነው። «ሁሉም ተበከለ» የሚለው ወሬ ግን ዋናውን ዋጠው፤ በአውሮፓ ወሰን ከሄድን 9ኙ ብቻ ያልፋሉ፣ አሥር እጥፍ በሚልቀው በአሜሪካው ወሰን ከሄድን ግን የሚወድቁት 29 ናቸው።

አሁን ወደ ጆንያው እንመለስ፤ የፍሬ ቆጠራው የደበቀው ትልቁ ጉዳይ እዚህ ነው። ጤፍ ላይ ሌላ ነገር የሚቀላቅል ሰው ካለ በፍሬ ደረጃ አይሠራም፤ በጭነት ደረጃ ነው የሚሠራው። ጆንያዎች ከመኪና ይወርዳሉ፣ መኪናው የአንድ ነጋዴ ነው፣ ነጋዴው ከጥቂት ገበሬዎች ወይም ከአንድ መጋዘን ነው የሰበሰበው። የአንድ ቤት ሃያ ልጆች ስለ እናታቸው ዶሮ ወጥ ቢጠየቁ ሃያ ምስክር አይባልም፤ አንድ ተኩል ቢባል ነው። ስታቲስቲክስ ይህንን «ሲሶ ነው፣ ግማሽ ነው» ብሎ በቁጥር ያስቀምጠዋል። በአንድ መኪና ላይ ያሉ ጆንያዎች የሚመሳሰሉበት መጠን 0.5 ነው እንበል። ከየመኪናው ከሚወሰደው ጆንያ ቁጥር አንድ ይቀነሳል፣ ቀሪው በ0.5 ይባዛል፣ አንድ ይደመርበታል። መርማሪው ከአምስት አይሱዙ ላይ ሃያ ሃያ ጆንያ ፈትቶ መቶ ቢሞላ ውጤቱ 10.5 ነው፤ መቶ ለዚህ ሲካፈል፣ መቶው ጆንያ የሚመዝነው በዕጣ የወጡ ዘጠኝ ተኩል ጆንያዎችን ያህል ብቻ ይሆናል። 4 ነጥብ የነበረው ስህተት 13 ይሆናል። በዚያ ላይ መኪኖቹ አምስት ብቻ ስለሆኑ ስህተቱን ለማስፋት የምናባዛበት ቁጥር የተለመደው 2 ሳይሆን ከጎሴት ሰንጠረዥ የሚወጣው 2.78 ነው፤ 20 ከመቶ ያልነው ነገር ከባዶ እስከ 56 ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ቁጥር ሬዲዮ ላይ ወጥቶ «ከአምስት ጆንያ አንዱ» ሲባል መስማት ያበሳጫል።

ማስተባበያውም ከዚህ አያመልጥም። «30 ጆንያ አይተን አንድም አላገኘንም» ሲባል ጉዳዩ ተዘጋ ተብሎ ይወሰዳል። ከሃያ ጆንያ አንዱ የተበላሸበት በረንዳ ላይ ሠላሳ ጆንያ በዕጣ ወጥቶ ሁሉም ደህና የመሆኑ ዕድል 21 ከመቶ ነው። ሠላሳው ከሦስት መኪና ከወረደ፣ መኪናውም ወይ ሙሉ ደህና ወይ ሙሉ ብልሹ ከሆነ፣ ዕድሉ ወደ 86 ከመቶ ያሻቅባል። ነጋዴውን ነጻ ያወጣው የእህሉ ንጽሕና ይሁን የመኪኖቹ ማነስ፣ ከመግለጫው ማወቅ አይቻልም።

የሚነሳ ተቃውሞ አለ፤ ቀላልም አይደለም። ደላላው ዕጣ ሳያወጣ፣ ቀመር ሳያሰላ በአንድ እፍኝ ይፈርዳል፣ ገበያውም በዚያ ፍርድ ይሠራል። እሌኒ ገብረመድኅን እ.ኤ.አ. በ2001 ያሳተሙት የእህል ገበያ ጥናት እንዳሳየው፣ ደረጃ በሌለው እህል ላይ ሩቅ ያለ ነጋዴ ከማያውቀው ገዢ ጋር የሚገናኘው በአዲስ አበባ ደላሎች አማካይነት ነው። ታዲያ ስታቲስቲክሱ ምን ይጨምራል? መልሱ ደላላው ከእፍኙ ብቻ አለመፍረዱ ነው። የላኪውን ስም፣ የአገሩን ዝና፣ ያለፈውን ዓመት ጭነት ይዞ ነው እጁን የሚሰደው፤ እፍኙ ቀድሞ የነበረውን እምነት ያጠብቃል ወይም ያላላል እንጂ ከባዶ አይጀምርም። ይህ ራሱ በስታቲስቲክስ የቤይዝ ስሌት የሚባለው ነው። ሙያው ግን እዚህ ላይ አንድ ቃል የለውም። ቀድሞ የነበረ እምነት ወደ ስሌት ይግባ የሚሉና የግል ግምት ሳይንስ ውስጥ ምን አገባው የሚሉ ወገኖች ከመቶ ዓመት ወዲህ ሲከራከሩ ቆይተዋል። እኔ ለሚነግደው ሰው የመጀመሪያዎቹ ልክ ናቸው እላለሁ። ስለ ከተማው እህል ለሕዝብ መግለጫ ለሚሰጥ መሥሪያ ቤት ግን አይደሉም፤ የደላላው እምነት በየቀኑ በገንዘቡ ይፈተናል፣ የመሥሪያ ቤቱ አይፈተንም።

ጥርጣሬዬን ወደ ራሴ ሙያም ላዙር። 0.5 ያልኩት የመመሳሰል መጠን ለምሳሌ የተያዘ ነው፤ እውነተኛው ተለክቶ መገኘት አለበት፣ በጤፍና በበቆሎም አንድ አይሆንም። ዕጣ ለማውጣት የጆንያዎቹ መዝገብ ያስፈልጋል፤ በረንዳው ላይ እንዲህ ያለ መዝገብ የለም። ደግሞም ጥሩ ንድፍ ሁሉን አይፈታም። የቀድሞው ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ፣ የአሁኑ የስታቲስቲክስ አገልግሎት፣ በመኸር ጥናቱ የቆጠራ ቦታዎችን በዕጣ መርጦ ከየቦታው ጥቂት ገበሬዎችን ይወስዳል፣ ከማሳቸውም 4 በ4 ሜትር አስለክቶ ያሳጭዳል፤ የናሙና ስህተቱንም ያሰላል። ይህም ሆኖ በ2000 ዓ.ም. ጥናቱ ምርት ጨመረ ሲል የእህል ዋጋ ናረ፤ ብዙ ሰው «ናሙናው ውሸት ነው» አለ። የናሙና ስህተት ብቻውን ያን ያህል ክፍተት መፍጠር አይችልም። የመለኪያ ስህተት ሊሆን ይችላል፣ በገበያው ውስጥ የበዛው ገንዘብ ሊሆን ይችላል፣ ሁለቱም ሊሆኑ ይችላሉ፤ የናሙና ቀመር ግን ስለ አንዳቸውም አይናገርም፣ ይናገራል የሚል ባለሙያ ካለ ከድንበሩ አልፏል።

መዝገብ ለሌለው በረንዳ መፍትሔው በመግቢያው ላይ ነው። መኪኖቹ ሲገቡ የመጀመሪያው በዕጣ ይያዛል፣ ከዚያ እያንዳንዱ አሥረኛ ወይም ሃያኛ መኪና ይመረጣል፤ ከተመረጠው ላይ ሁለት ጆንያ ብቻ ወርዶ ከላይ እስከ ታች ይወጋል። ሃምሳ መኪና ሲሞላ ጆንያው ያው መቶ ነው። የመመሳሰሉ ዋጋ ግን ከ10.5 ወደ 1.5 ይወርዳል፣ ስህተቱም ከ13 ወደ 5 ነጥብ ገደማ። ሁለት ይሁን ሦስት የሚለውን የሚወስነው ወጪው ነው፤ መኪና አስቁሞ ሸራ ለማስፈታት የሚወጣው አንድ ጆንያ አስወርዶ፣ ወግቶ፣ መልሶ ለማስሰፋት ከሚወጣው አራት እጥፍ ከሆነ፣ መመሳሰሉ 0.5 ሲሆን ትክክለኛው ቁጥር ሁለት ነው፤ ዘጠኝ እጥፍ ከሆነ ሦስት። ሃያ ሃያ ጆንያ ማስፈታት የሚያዋጣው መኪናው ጋ መድረስ ከአንድ ጆንያ አራት መቶ እጥፍ ሲያስወጣ ብቻ ነው፤ ለተሸካሚ በሚከፈለው ሒሳብ እህል በረንዳ ላይ ያ አይገጥምም።