የሚጎዳው ክብደቱ ወይስ ማሰሪያው?

ክብደት በማንጠልጠል የወንድ ብልትን ለማስረዘም የሚደረገው ሙከራ መነሻው ከሰውነት እውነተኛ ባሕርይ አንዱ ነው፤ ቆዳና ጅማት በልኩ ለረጅም ጊዜ ሲሳቡ ቀስ በቀስ የመርዘም ጠባይ አላቸው፣ ሐኪሞችም ለቃጠሎ ጠባሳና ለመሳሰሉት ጉዳቶች በዚህ ባሕርይ ይጠቀማሉ። ስለዚህ ሐሳቡ ፈጽሞ ከንቱ ነው ማለት አይቻልም፤ አስቸጋሪው ነገር ክብደቱ በምን ተይዞ እንደሚንጠለጠል ነው። በአሰላና በአርሲ ደጋ፣ ፈረስና ጋሪ የዕለት ኑሮ ክፍል በሆኑበት አካባቢ፣ ነገሩን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻም፤ ፈረሱን የሚያቆስለው የጭነቱ ብዛት ብቻ ሳይሆን፣ ያን ሁሉ ጉልበት በአንዲት ጠባብ ቦታ ላይ የሚያሳርፈው ጠፍር ጭምር መሆኑን ባለጋሪ ሁሉ ያውቀዋል።

በሆስፒታሎች የአጥንት ክፍል የሚሠራበት ትራክሽን፣ ማለትም የተሰበረን እግር በተንጠለጠለ ክብደት ስቦ የማስተካከል ሕክምና፣ ለዚህ ጉዳይ ከሁሉ የተሻለ መመዘኛ ነው። የጭኑ አጥንት የተሰበረ አዋቂ ሰው እግሩ በፋሻ ተይዞ ክብደት ሲንጠለጠልበት፣ ክብደቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 ኪሎ ግራም ገደማ አያልፍም፤ ከዚያ በላይ ካስፈለገ ሐኪሙ ቆዳውን ትቶ በአጥንቱ ውስጥ ቀጭን የብረት ዘንግ ያሳልፍና ክብደቱን በዘንጉ ላይ ያንጠለጥላል፣ ምክንያቱም ቆዳ ከአቅሙ በላይ ሲሳብ ይላጣል፣ ውኃ ይቋጥራል፣ ከሥሩ ያለውም ነርቭ ይጎዳል። ይህ እንግዲህ ሰፊ ቆዳ ባለው፣ በጡንቻና በአጥንት በተደገፈው እግር ላይ ያለው ወሰን ነው። ብልት ግን አጥንት የለውም፤ ቆዳውም ስስና ልል ነው፤ ማሰሪያው የሚያርፍበትም ቦታ ከጥቂት ሳንቲ ሜትር አይበልጥም። በተጨማሪም በትራክሽን ላይ ያለ በሽተኛ ነርሶች በየጊዜው የጣቶቹን ቀለም፣ ሙቀትና ስሜት ይመለከቱለታል፤ በቤቱ ተደብቆ ክብደት የሚያንጠለጥለው ሰው ግን ይህን የሚያይለት የለም።

የጉዳቱ መንገድ ከብልት አሠራር ይመነጫል። በውስጡ ደም የሚሞላባቸው ሁለት ስፖንጅ መሰል ዓምዶች አሉ፤ ደም የሚያመጡት ዋና የደም ቧንቧዎች ግድግዳቸው ወፍራምና ጠንካራ ሲሆን፣ ደሙን የሚመልሱት የደም መላሾች ግን ስስ ናቸው፣ አንዳንዶቹም ከቆዳው ሥር ይሄዳሉ። ማሰሪያው ሲጠብቅ አስቀድሞ የሚዘጋው መውጫው ነው፤ ደም እየገባ መውጣት ስለሚያቅተው ብልቱ ያብጣል፣ እብጠቱም ማሰሪያውን የባሰ ያጠብቀዋል፣ በመጨረሻም መግቢያው ይዘጋና ሥጋው መሞት ይጀምራል። ይህ ክፉ ዑደት ለኢትዮጵያ ሐኪሞች አዲስ አይደለም፤ በወጌሻ እጅ ከልክ በላይ በቀርከሃ ተጠፍሮ የታሰረ ክንድ ወይም እግር ጋንግሪን ይዞት እስከ መቆረጥ የደረሰባቸው በሽተኞች በአገሪቱ ሆስፒታሎች የታወቁ ናቸው። የሚያሳዝነው፣ የነርቭ መደንዘዝ ሕመሙን ስለሚያጠፋው ክብደት ያንጠለጠለው ሰው የተለማመደው መስሎት ሌላ ክብደት መጨመሩ ነው።

ስለ ማስረዘሚያ መሣሪያዎች ሲነገር፣ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መምታታት የለባቸውም። በጥናት የተፈተሸው በዘንግና በጸደይ የሚሠራው፣ የመሳብ ኃይሉ ተለክቶ ሊቀነስ ወይም ሊጨመር የሚችለው መወጠሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመ የጣሊያን ሐኪሞች ጥናት ተሳታፊዎች በቀን ቢያንስ 4 ሰዓት ለ6 ወራት ተጠቅመውበት በአማካይ ወደ 2 ሳንቲ ሜትር የሚጠጋ ርዝመት አግኝተዋል፤ ውፍረት ግን አልጨመሩም። የተመዘኑት 15 ሰዎች ብቻ መሆናቸው ሲታሰብ ውጤቱን በልኩ መቀበል ይገባል። የተንጠለጠለ ክብደት በአንጻሩ ሰውየው በተንቀሳቀሰ ቁጥር እየተወዛወዘ ይነጥቃል፣ ስለዚህ 1 ኪሎ ግራም የተባለው ክብደት ለቅጽበት ከዚያ በላይ ሆኖ ይስባል፤ በሚዛን መመዘኑም ብቻውን ዋስትና አይሆንም። በዚህ ምክንያት ደህንነቱ የተጠበቀ የክብደት ማንጠልጠል ስልት አለ ብሎ ለአንባቢ ማስተማር ሐሰት ይሆናል።

ከዚህ ሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት ግን ማስረዘሙ ያስፈልጋል ወይ የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የእንግሊዝ ተመራማሪዎች በባለሙያ የተለኩ 15,521 ወንዶችን መረጃ አሰባስበው እንዳሳዩት፣ የቆመ ብልት አማካይ ርዝመት 13.12 ሳንቲ ሜትር፣ ያልቆመው 9.16 ሳንቲ ሜትር ነው። ልኬቱ የሚወሰደው ከላይ በኩል፣ ማስመሪያው እስከ አጥንቱ ተጭኖ ነው፤ ከዓይን ቁልቁል የሚመለከት ሰው የራሱን ብልት ከሌላው አሳጥሮ ማየቱ፣ በአርሲ ደጋ ብርድ ደግሞ ብልት መኮማተሩ ተፈጥሯዊ ነው። አጠረብኝ ብለው ሐኪም ዘንድ ከሚቀርቡት አብዛኞቹ በጤነኛው ልክ ውስጥ ናቸው፣ ለእነርሱም የሚጠቅመው ምክር እንጂ ክብደት አይደለም። ብልቱ በጠባሳ ምክንያት የጎበጠበት ሰው ግን ሕክምና አለው፤ ለእርሱ በዩሮሎጂስት ክትትል መወጠሪያ ሊታዘዝለት ይችላል።

የስኳር በሽታ ያለበት ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ያለ ሐኪም ፈቃድ ማናቸውንም መወጠሪያ ሊነካ አይገባውም፤ ማንም ቢሆን መሣሪያውን እንዳሰረ መተኛት የለበትም። የብልቱ ቀለም ከጠቆረ፣ ከቀዘቀዘ ወይም ከደነዘዘ መሣሪያው ያኔውኑ ይፈታል። በብልቱ ላይ የታሰረ የብረት ቀለበት ተጣብቆ አልወጣ ካለ ደግሞ በቤት ውስጥ በመጋዝ ወይም በምላጭ መታገል አያስፈልግም፤ በአሰላ ያለ ሰው ሳይነጋ፣ ሳያፍርም፣ ወደ ሆስፒታሉ የድንገተኛ ክፍል ይሂድ።