የጡረታ ገንዘብ፦ የጋራ ቋት ወይስ የግል ሒሳብ?

በኢትዮጵያ ዘመናዊው የጡረታ ሥርዓት የቆመው በ1955 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ነው። የግል ድርጅት ሠራተኞች ግን እስከ 2003 ዓ.ም. መጠበቅ ነበረባቸው፤ በር የከፈተላቸው አዋጅ ቁጥር 715 ነው። ከዚያ በፊት አቅም ያላቸው ድርጅቶች በፕሮቪደንት ፈንድ ለየሠራተኛው ያጠራቅሙ ነበር። አሁን የሚሠሩት ሕጎች የ2014ቱ አዋጆች፣ 1267 እና 1268 ናቸው።

ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ፤ ገንዘቡ የሚገባው የጋራ ቋት ውስጥ ነው። ከነቀምቴ አጠገብ ባለችው ጉቴ 30 ዓመት ያስተማረ መምህር እናስብ። የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዙ 10,000 ብር ቢሆን፣ ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት 30 በመቶ፣ ለቀሪዎቹ 20 ዓመታት በየዓመቱ 1.25 በመቶ ይታሰብለታል። ድምሩ 55 በመቶ ነው፤ በወር 5,500 ብር ይደርሰዋል።

የግል ሒሳብ ይህን ቀመር ይለውጣል፤ ጡረተኛው የሚያገኘው በስሙ የተጠራቀመውንና ትርፉን ብቻ ነው። መንገዱን የጠረገችው ቺሊ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1981 ሠራተኛው ከደመወዙ 10 በመቶ በግል ኩባንያ እንዲያስቀምጥ አዘዘች። የብዙዎች አበል አነስተኛ ሆኖ ሲገኝ ግን እ.ኤ.አ. በ2008 ከመንግሥት በጀት የሚከፈል ድጎማ ጨመረች። ናይጄሪያ እ.ኤ.አ. በ2004 ወደ ግል ሒሳብ ገባች። ጋና እ.ኤ.አ. በ2008 ሕጓ የጋራውን መሠረት ሳታፈርስ ቁጠባን በላዩ ደረበች። አርጀንቲና እ.ኤ.አ. በ2008 የግል ሒሳቦቹን ወደ መንግሥት መለሰች።

የግል ሒሳብ ሠራተኛው ገንዘቡን እንዲያውቅና እንዲከታተል ያስችላል። ዋጋ በሚንርበት አገር ግን ከ30 ዓመት በፊት ከጥቂት መቶ ብር ደመወዝ የተቆረጠ መዋጮ ዛሬ ምን ይገዛል? የእኛ የጡረታ ገንዘብ ለብዙ ዓመታት በአብዛኛው የዋለው ወለዱ ከዋጋ ንረት በታች በሆነ የመንግሥት ግምጃ ቤት ሰነድ ላይ ነበር። የመምህሩን አበል ከዚህ ያዳነው በመጨረሻ ደመወዙ መሰላቱ ነው። ጡረታ ከወጣ በኋላ ግን እሱም ከንረቱ አያመልጥም፤ አበሉ ከገበያው ጋር በራሱ አያድግምና።

ከሁሉ የሚከብደው የወለጋ ገበሬ፣ የነቀምቴ ባጃጅ ነጂና ጉሊት ነጋዴ ነገር ነው፤ በተግባር ከሥርዓቱ ውጭ ናቸው፤ የእርጅና ዋስትናቸው ልጅ፣ መሬትና እድር ነው። ስለዚህ የጋራው ቋት መሠረት ሆኖ ይቆይ፤ አበሉ ከዋጋ ንረት ጋር በየዓመቱ ይስተካከል። የግል ሒሳብ ደግሞ የምርት ወቅትንና የዕለት ገቢን ተከትሎ የሚቆጠብበት የፈቃደኝነት በር ሆኖ፣ በመጀመሪያ ደመወዝ ለሌላቸው ይከፈት።