የኋላ ጎማ ስንገዛ ምን እንመልከት?

ብስክሌት ያላቸው ነዋሪዎች ከሁሉ አብልጠው የሚያማርሩት በኋላ ጎማ ነው። ራጂ ይበጠሳል፣ ቸርኬ ይጣመማል፣ በብዙ ድካም በተገኘ ገንዘብ አዲስ ተገዝቶም ወራት ሳይቆይ ያው ችግር ይመለሳል። በዚህ አካባቢ ብስክሌት መዝናኛ አለመሆኑ የታወቀ ነው። ውኃ ይመላለስበታል፣ ወደ ሰሊጥና ማሽላ እርሻ ለቀን ሥራ ይኬድበታል፣ ሻይና ዳቦ ለገበያ ይጫንበታል፣ አንዳንዴም በሽተኛ ወደ ሐኪም ይደርስበታል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተነሣ በኋላ ደግሞ ነዳጅ ሲጠፋና ሲወደድ ጥቅሙ ይበልጥ ታይቷል። ስለዚህ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ልታውቁት የሚገባውን ለመጻፍ ወስነናል።

በመጀመሪያ የራሳችንን ስሕተት እንናገር። ከመካከላችን አንዱ ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንድ ሱቅ ቀለሙ የሚያብረቀርቅ፣ ሲያነሡት ቀለል የሚል ባለ 24 ራጂ የኋላ ጎማ ገዛ። ሁለት ጀሪካን ውኃ እየጫነ ሦስት ሳምንት ተጓዘበት። በአራተኛው ሳምንት ሁለት ራጂዎች በአንድ ቀን ተበጠሱ፤ ጎማው እንደ እባብ እየተጠማዘዘ ከቴላዮው ጋር መፋተግ ጀመረ። ጓደኛችን ውኃውን ደፍቶ ብስክሌቱን በቀትር ፀሐይ ሁለት ሰዓት ገፋ። ባለሱቁ አላታለለውም፤ የተጠየቀውን ሸጠ። ያልጠየቅነው እኛ ነን።

የኋላ ጎማ ከፊተኛው ይልቅ ቶሎ የሚጎዳው ለምንድነው? አንደኛ ነገር፣ ከነጂው ክብደት የሚበዛው ክፍል የሚያርፈው በኋላ ነው፤ ጭነቱም እዚያው ይታከላል። ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 40 ኪሎ ነው። ሁለተኛ፣ ፔዳሉን ስንረግጥ ካቴናው የሚጎትተው ይህንኑ ጎማ ነው። የቀድሞዎቹ የእንግሊዝ ፋብሪካዎች ይህን አውቀው ለፊተኛው ጎማ 32፣ ለኋለኛው 40 ራጂ ያደርጉ ነበር።

ብዙ ሰው ራጂ የሚሰበረው ጭነቱ ስለተጫነው ይመስለዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ራጂ እንደ ምሰሶ ክብደት አይሸከምም፤ እንደ ክራር ጅማት የተወጠረ ሽቦ ነው። ጎማው ሲዞር ወደ መሬት የደረሰው ራጂ ውጥረቱ ጥቂት ይላላል፣ ከመሬት ሲነሣ ይመለሳል። ባለ 26 ጎማ አንድ ጊዜ ሲዞር ሁለት ሜትር ያህል ይሄዳል፤ በቀን ደርሶ መልስ 20 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ሰው እያንዳንዱን ራጂ ወደ 10,000 ጊዜ ያላላል፣ መልሶም ይወጥራል ማለት ነው። በደንብ የተወጠረ ራጂ ይህን ለዓመታት ይችለዋል። የላላ ራጂ ግን በእያንዳንዱ ዙር ከሞዞው ቀዳዳ ወጥቶ በሚታጠፍበት ቦታ ላይ ይወዛወዛል፤ ሽቦን በእጃችን ወዲያና ወዲህ ስናጥፈው በመጨረሻ እንደሚበጠሰው ሁሉ እዚያው ላይ ይበጠሳል። የላላ ጎማ ከጠበቀ ጎማ ይልቅ ቶሎ የሚሞተው በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ በሱቁ በር ላይ ቆመን የምናደርገው ፍተሻ ከዚህ ይነሣል። በአንድ ጎን ያሉትን ራጂዎች ሁለት ሁለቱን በእጃችሁ ጨምቁ፤ ሁሉም እኩል ሊጠብቁ ይገባል። ከዚያም በጥፍራችሁ ነካ ነካ እያደረጋችሁ ድምፃቸውን አዳምጡ። በአንድ ጎን ያሉት ተቀራራቢ ድምፅ ካሰሙ ጥሩ ነው፤ አንዱ ቀጭን፣ አንዱ ደረቅ ወይም ደንቆሮ ድምፅ ከሰጠ ግን ውጥረቱ አልተስተካከለም። ሻጩ ቢስቅባችሁም አትፈሩ፣ ይህን የሚያውቅ መካኒክ አይስቅም። ቀጥሎ ፔርኖውን በሁለት እጅ ይዛችሁ ጎማውን አሽከርክሩ፤ አውራ ጣታችሁን ከቸርኬው አጠገብ ብታቆሙ ጎማው ወዲያና ወዲህ መሄዱን ያሳያችኋል። ፔርኖውን ስታንቀሳቅሱት ኳ ኳ ካለ ወይም ሲዞር የአሸዋ ስሜት ከሰጠ ኩሽኔታው ልቅ ነው ወይም ግራሶ የለውም። ይህ በትንሽ ወጪ ስለሚስተካከል ዋጋ ለማስቀነስ ምክንያት ይሁናችሁ እንጂ ጎማውን አያስጥላችሁ። ከቸርኬው የራጂ ቀዳዳዎች ዙሪያ ስንጥቅ ካያችሁ ግን፣ በተለይ ያገለገለ ሲሆን፣ በነፃም ቢሰጣችሁ አትውሰዱ።

የራጂውን ቁጥር በተመለከተ ምክራችን አጭር ነው፦ ከ36 በታች አትግዙ፣ 40 ካገኛችሁ ይበልጣል። ባለ 36 ጎማ አንድ ራጂ ቢበጠስበት ቀስ ብሎ ያደርሳል፤ ባለ 24 ጎማ ግን በዚያው ቅጽበት ይጣመማል። እያንዳንዱ ራጂ በጎኑ ያሉትን ሌሎች ሦስት ራጂዎች አቋርጦ መሄዱንም ተመልከቱ። ከሞዞው ወደ ቸርኬው ቀጥ ብለው የሚሄዱ ራጂዎች ለፊት ጎማ ይሆናሉ እንጂ የካቴናን ጉልበት አይችሉም።

ብረት ወይስ አሉሚኒየም? አሉሚኒየም ቀላል ነው፣ አይዝግም፣ በዝናብ ጊዜም ፍሬን የተሻለ ይይዝበታል። ብረት ይከብዳል፣ ይዝጋል፣ እርጥብ ሲሆን ፍሬኑ ያንሸራትታል። ይሁን እንጂ ጉድጓድ ሲመታው ይጎብጣል እንጂ አይሰነጠቅም፤ መዶሻ ያለው ሰው ሁሉ ሊያቃናው ይችላል። ርካሽ በሆነው ደረጃ ላይ ላለ ገዢ እኛ ብረቱን እንመርጣለን፤ ገንዘብ የተረፈው ሰው ወፍራምና ግድግዳው ድርብ የሆነ አሉሚኒየም ቢገዛ አንቃወምም። የድሮው ፊኒክስ ወይም ሂሮ ዓይነት ብስክሌት፣ ፍሬኑ በብረት ዘንግ የሚሳብ ከሆነ ግን ምርጫ የለም። ፍሬኑ የሚይዘው ከቸርኬው ጎን ሳይሆን ከውስጥ በኩል ስለሆነ ለዚያ የተሠራውን ቸርኬ ይፈልጋል።

ስለ ማርሽም እንዲሁ። ከገዳሪፍ እስከ ከሰላ ያለው ምድር አብዛኛው ሜዳ ነው፤ የታካን ተራራ በብስክሌት የሚወጣ የለም። ባለ ብዙ ማርሽ የኋላ ጎማ ለጥርሶቹ ቦታ ለመስጠት ሲባል በካቴናው በኩል ያሉት ራጂዎች ቀጥ ብለው ይቆማሉ፤ በዚህም የተነሣ የግራዎቹ መላላታቸው አይቀርም። ባለ አንድ ጥርስ ጎማ በሁለቱም ጎን ተቀራራቢ ውጥረት ስላለው ይበረታል፣ ዋጋውም ያንሳል።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን እንንገራችሁ። «28 ነው» ወይም «26 ነው» ብሎ መግዛት አይበቃም። ሁለት ጎማዎች 28 ተብለው አንዱ ለሌላው ላይገባ ይችላል። በላስቲኩ ጎን ላይ ከሰረዝ በኋላ የተጻፈውን ባለ ሦስት አኃዝ ቁጥር አንብቡ፦ 635 የድሮው ትልቁ 28 ነው፣ 622 ሌላው 28 ነው፤ 590 የድሮው 26፣ 559 ደግሞ ወፍራም ጎማ ያለው የተራራ ብስክሌት 26 ነው። ቁጥሩን በወረቀት ጽፋችሁ ሂዱ። የኋላ ሹካውን የውስጥ ስፋትም በማስመሪያ ለኩ፤ ባለ አንድ ጥርሱ አብዛኛውን ጊዜ ከ110 እስከ 120 ሚሊ ሜትር፣ ባለ ማርሹ የተራራ ብስክሌት 135 ሚሊ ሜትር ነው። ከተቻለ አሮጌውን ጎማ ራሱን ይዛችሁ ብትሄዱ ከሁሉ ይሻላል። ቸርኬ፣ ራጂ፣ ሞዞ፣ ፔርኖና ዳዶ የምንላቸው ከጣሊያንኛ የመጡ ቃላት ናቸውና ከሰላ ውስጥ የኤርትራ ተወላጅ መካኒክ ካገኛችሁ ይግባባችኋል፤ ከሌላው ጋር ግን ዕቃው ራሱ ይናገርላችኋል።

አሮጌውን መያዝ ሌላም ጥቅም አለው። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ቸርኬውና ራጂው ነው እንጂ ሞዞው አይደለም። ስለዚህ የሙሉ ጎማውን ዋጋ ከጠየቃችሁ በኋላ የቸርኬውን፣ የራጂዎቹንና የመካኒኩን የእጅ ዋጋ ለየብቻ ጠይቁና ደምሩ። ሞዞው ጤነኛ ከሆነ በእጅ የተሠራው ርካሽ ሊወጣላችሁ ይችላል፤ ሠሪው ጎበዝ ከሆነም በፋብሪካ ችኮላ ከተወጠረው ይሻላል። ራጂ ስትገዙ አራት አምስት ትርፍ ጨምራችሁ ያዙ፤ ርዝመቱ በጥቂት ሚሊ ሜትር ቢለያይ አይገባም፣ በሌላ ቀንም ያው ዓይነት ላይገኝ ይችላል።

አዲስ ጎማ ሁለት ሳምንት ከተነዳ በኋላ ራጂዎቹ ቦታቸውን ይይዙና ጥቂት ይላላሉ። ያን ጊዜ ወደ መካኒክ ወስዳችሁ አስጠብቁት። ጓደኛችን ይህን ቢያደርግ ኖሮ ያ ባለ 24 ጎማ እንኳ ዓመት ሳይቆይለት አይቀርም ነበር። በመንገድ ላይ ራጂ ከተበጠሰ ስባሪውን በጎረቤቱ ራጂ ላይ ጠምጥሙት፣ የኋላ ፍሬኑን አላሉት፣ ጭነቱን ለሰው አካፍሉ፣ ከዚያ በዝግታ ንዱ።

የአገሩ ምድር ራሱን የቻለ ጠላት ነው። በክረምት የገዳሪፍ ጥቁር አፈር በጎማውና በጭቃ መከላከያው መካከል ተጠቅጥቆ መንኮራኩሩን ያስቆመዋል፤ በዚያ ወቅት መከላከያውን መፍታት ወይም ብስክሌቱን ማሳረፍ ይሻላል፤ እየታገሉ መርገጥ ራጂን መፍጀት ነው። በጋሽ ወንዝ አካባቢና በከሰላ ዙሪያ ደግሞ የመስኪት እሾህ አለ። ከአሮጌ ካላማዳሪያ እንደ ቀበቶ ቆርጣችሁ በላስቲኩና በአዲሱ ካላማዳሪያ መካከል ብታነጥፉ ብዙውን እሾህ ያግዳል። ንፋስም አይጉደል፤ ንፋስ ያነሰው ጎማ ድንጋዩን በቀጥታ ለቸርኬው ያስረክባል።

ራቅ ወዳለ ቦታ የምትነዱ ሁሉ፣ በሱዳን ሕግ ስደተኛ ከተመደበበት ቦታ ያለ ፈቃድ እንዲርቅ ስለማይፈቀድለት የመንቀሳቀሻ ወረቀታችሁንና መታወቂያችሁን መያዝ አትርሱ። የብስክሌቱን ደረሰኝም ከዚያው ጋር አድርጉ፤ በቴላዮው ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ሻጩ በደረሰኙ ላይ እንዲጽፍላችሁ ጠይቁት።