ደመራው ወዴት ወደቀ?

መስከረም 16 ማምሻውን፣ መስቀል አደባባይ ላይ ደመራው ተለኩሶ ነበልባሉ ሲያይል፣ የብዙ ሰው ዓይን መሐል በቆመው ግንድ ላይ ይቀራል። ወዴት ይወድቅ ይሆን? አወዳደቁን አይተው ስለ መጪው ዓመት ዝናብ፣ እህልና ሰላም የሚናገሩ አዛውንት ዛሬም አሉ።

መልስ የሚነበብበት ነገር እንደየአገሩ ይለያያል። በደቡብ አርብቶ አደሮች ዘንድ ሞራ ገላጩ የታረደውን ከብት ሞራ ዘርግቶ የደም ሥሩን ይከተላል። ዐውደ ነገሥት የተባለውን መጽሐፍ ገላጩ ደግሞ የጠያቂውንና የእናቱን ስም ፊደላት ወደ ቁጥር መልሶ ይደምራል፣ በ12 ይገድፋል። ቀሪው 1 ከሆነ ኮከቡ ሐመል፣ 2 ከሆነ ሰውር እያለ እስከ ሑት ይዘልቃል።

ቻይናውያን አጥንት ያነቡ ነበር። ከ3 ሺህ ዓመት በፊት የሻንግ ነገሥታት የከብት አጥንትና የኤሊ ቅርፊት በእሳት አስግለው ስንጥቁን ይተረጉሙ ነበር። ንጉሥ ዉ ዲንግ ባለቤቱ ፉ ሃዎ ልትወልድ ስትል ስንጥቁን አይቶ መልካም የሚሆኑትን ቀናት ተናገረ። ከ31 ቀን በኋላ ከተባሉት ቀናት ውጭ ሴት ልጅ ወለደች፤ ጸሐፊውም «መልካም አልሆነም» የሚለውን እዚያው ላይ ቀረጸው። ሴት መወለዷን እንደ ክፉ ዕድል መቁጠሩ ያሳዝናል። የንጉሥን ግምት ከውጤቱ ጎን መጻፉ ግን ትልቅ ነገር ነው።

ኋላ የመጣው ዪ ቺንግ የተባለው የቻይናውያን መጽሐፍ ሙሉና የተቆረጡ መስመሮችን በስድስት ስድስት ደርድሮ 64 ምልክት ያወጣል። ጀርመናዊው ላይብኒዝ በ0 እና በ1 ብቻ የሚጻፈውን ስሌት ቀድሞ ቢደርስበትም፣ የእነዚህ ምልክቶች ሥዕል እ.ኤ.አ. በ1703 ከቤጂንግ ሲደርሰው የራሱን ቁጥሮች እዚያ አየ። የዛሬ ኮምፒውተሮች የሚሠሩት በዚሁ ስሌት ነው።

ቻትጂፒቲን የመሰሉ ማሽኖችም እንደ ዐውደ ነገሥት ጽሑፍን አስቀድመው ወደ ቁጥር ይለውጣሉ። የዐውደ ነገሥት ስሌት ግን ለአንድ ስም ሁሌም አንድ ኮከብ ነው የሚያወጣው። ማሽኑ ቀጣዩን ቃል በዕድል ሚዛን ስለሚመርጥ ለአንድ ጥያቄ ሁለት ዓይነት መልስ ሊሰጥ ይችላል፤ በዚህ በበትር ዕጣ ከሚወጣው የዪ ቺንግ ምልክት ጋር ይቀራረባል። ሲሠለጥን ደግሞ የሻንግን ጸሐፊ ይመስላል፦ ግምቱን ከትክክለኛው ቃል ጋር አስተያይቶ ስህተቱን ይለካል፣ ቁጥሮቹን ያርማል።

የሚያሳስበው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ተጠቃሚው ዘንድ የሚደርሰው የተደላደለ መልስ ብቻ ነው፤ ስንት ጊዜ እንደሳተ አብሮ አይነገረውም። በአማርኛ ችግሩ ይብሳል፤ ማሽኑ የተማረበት ጽሑፍ ጥቂት ነው፣ ብዙዎቹ ማሽኖችም ፊደላችንን ከእንግሊዝኛው ይልቅ በትንንሹ ይቆራርጡታል። በ2012 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ተቋም ከሚሠራባቸው መስኮች አንዱ የአገር ቋንቋ ነው። የማሽኖቹን የአማርኛ ስህተት ቆጥሮ በይፋ መመዝገብም የዚያ ሥራ አካል ቢሆን ይገባል፤ ስለ ዝናብና ስለ ሕመም በአማርኛ የሚጠይቀው ሰው የሚያምነው መልሱን ነውና።