በመጨረሻ የሚታየው ማኅተም
ስለ ሐናና ባርቤራ የሥዕል ፊልም ስቱዲዮ

ልጆች በቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠው ካርቱን የሚባለውን የሚንቀሳቀስ ሥዕል ሲመለከቱ ይቈዩና ታሪኩ ሲያልቅ እናት «በሉ እንግዲህ ይበቃችኋል» ብላ ለማጥፋት ትነሣለች። ከመድረሷ በፊት ግን አንድ ምልክት ከአጭር የሙዚቃ ድምፅ ጋራ ለጥቂት ሰከንድ ብልጭ ብሎ ያልፋል። ልጆቹ ማንበብ ሳይችሉ ያን ምልክት ያውቁታል፤ ታላላቆቹ ግን ልብ አይሉትም። እኛም በዚህ ሳምንት ስለዚህ ምልክት፥ ይልቁንም ሐናና ባርቤራ ስለሚባለው የአሜሪካ ስቱዲዮ ምልክትና ታሪክ፥ ለተከበሩት አንባቢዎቻችን ጥቂት ለመግለጥ አስበናል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ኹሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።

በአገራችን በቀድሞው ልማድ የነገሥታት ማኅተም የሚታተመው በደብዳቤው ራስ ላይ ነበር፤ ተቀባዩ ቃሉን ሳያነብ አስቀድሞ የላኪውን ማንነት ያውቅ ነበር። የቴሌቪዥን ሥራ ግን ዋናውን ማኅተም ብዙ ጊዜ በመጨረሻ ያኖረዋል። ማኅተሙም ሥራውን የሠራው ማን እንደ ኾነ፥ ገንዘቡንስ የሚሰበስበው ማን እንደ ኾነ ይናገራል። እነዚህ ኹለቱ ግን ዘወትር አንድ ሰው አይደሉም። የሐናና ባርቤራ ታሪክም ከመዠመሪያው እስከ መጨረሻው በዚሁ ነገር ላይ የቆመ ነው።

ዊልያም ሐና በ1910 ዓ.ም. በኒው ሜክሲኮ አገር ተወለደ። ጆሴፍ ባርቤራም በሚቀጥለው ዓመት በኒው ዮርክ ከተማ ተወለደ። ባርቤራ በወጣትነቱ በባንክ ቤት ጸሐፊነት ሲያገለግል በትርፍ ጊዜው እየሣለ ለመጽሔቶች ይልክ ነበር። ኹለቱ ሰዎች በ1937 ዓ.ም. በሆሊውድ በሜትሮ ጎልድዊን ሜየር ኩባንያ የሥዕል ፊልም ክፍል ተገናኙ። ባርቤራ በሥዕልና በቀልድ ፈጠራ የበረታ ነበር፤ ሐና ደግሞ ሥራን በማደራጀትና እያንዳንዱ እንቅስቃሴ በስንት ሰከንድ እንደሚፈጸም በመለካት ይበልጥ ነበር። አንዱ የሌላውን ጉድለት ስለ ሞላለት ኹለቱም ሳይለያዩ ከስድሳ ዓመት በላይ ኖሩ።

በ1940 ዓ.ም. ድመትና አይጥ የሚጣሉበትን መዠመሪያ ፊልማቸውን አወጡ። ይህም በእኛ አገር ልጆች ዘንድ እንኳ የታወቀው የቶምና ጄሪ መነሻ ነው። ነገር ግን በዚያ ፊልም መክፈቻ ላይ የተጻፈው ስም ሩዶልፍ አይሲንግ የተባለው የበላያቸው ስም ብቻ ነበር፤ የኹለቱ ወጣቶች ስም በጭራሽ አልተጻፈም። ከዚያ በኋላ ስማቸው በፊልሞቹ ላይ መታየት ቢዠምርም ነገሩ በዚህ አላበቃም። ቶምና ጄሪ ሰባት ጊዜ የኦስካር ሽልማት አገኘ፤ በየጊዜውም ሽልማቱ የተሰጠው የክፍሉ ሹም ለነበረው ለፍሬድ ክዊምቢ ነበር። ሐናና ባርቤራ ግን የሠሩት ሥራ ሲከበር በወንበራቸው ተቀምጠው ያጨበጭቡ ነበር። በሹመት ሥራ ላይ ያሉት አንባቢዎቻችን ይህን የመሰለ ነገር በአሜሪካ ብቻ የሚደረግ አለመኾኑን ሳንነግራቸው ያውቁታል።

በ1957 ዓ.ም. ኩባንያው ሒሳቡን ቢመረምር የቀድሞዎቹን ፊልሞች እንደ ገና ማሳየት አዲስ ከመሥራት የማይተናነስ ገቢ እንደሚሰጥ ተገነዘበ፤ ስለዚህም የሥዕል ፊልሙን ክፍል ዘጋው። ኻያ ዓመት ያገለገሉት ኹለቱ ሰዎች ከነሠራተኞቻቸው ተሰናበቱ። እነርሱም በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ጆርጅ ሲድኒ የተባለውን የፊልም አዘጋጅ ሸሪክ አድርገው የገዛ ስቱዲዮአቸውን አቋቋሙ። የማን ስም ይቅደም የሚለውንም ነገር ሳንቲም ወደ ላይ ወርውረው ቈረጡት፤ ዕድሉ ለሐና ስለ ወጣ ሐናና ባርቤራ ተባለ። ሌሎች እንዲህ ስላለው ነገር ዳኛ ፊት ሲቆሙ አይተናልና ይህን ብልኃታቸውን ወደነዋል።

ስሙ ቢገኝም ገንዘቡ አልተገኘም። በሲኒማ ቤት ለሚታየው ለአንድ አጭር ፊልም ከአርባ ሺህ ዶላር በላይ ያወጡ የነበሩት ሰዎች ለቴሌቪዥን ለአምስት ደቂቃ ሥራ የቀረበላቸው ሦስት ሺህ ዶላር ያኽል ብቻ ነበር። ስለዚህም የአሠራሩን ዘዴ ፈጽሞ ለወጡት። ለሰባት ደቂቃ ፊልም ዐሥራ አራት ሺህ ያኽል ይሣል የነበረው ወደ ኹለት ሺህ ያኽል ሥዕል እንደ ወረደ ይነገራል።

ይህ የተደረገበት ብልኃት በጣም ቀላል ነው፤ አንባቢዎቻችንም ከልጆቻቸው ጋራ ኾነው ሊመረምሩት ይችላሉ። ዮጊ የተባለው ድብ ልብስ ሳይለብስ በአንገቱ ላይ ክራባት ያስራል። ብዙዎች ይህን ለቀልድ የተደረገ አድርገው ይገምቱታል። እውነተኛው ምክንያት ግን ሌላ ነው። ክራባቱ ራሱን ከአካሉ የሚለይ ድንበር ነው፤ ድቡ ሲናገር አካሉ በአንድ ሥዕል ላይ እንደ ተቀመጠ ይቀራል፤ እንደ ገና የሚሣለው ከአንገቱ በላይ ያለው ብቻ ነው፤ መጋጠሚያውንም ክራባቱ ይሸፍነዋል። እንዲሁም አንድ ሰው በቤት ውስጥ ሲሮጥ ያንኑ መስኮትና ያንኑ ወንበር ደጋግሞ ሲያልፍ ይታያል፤ የኋላው ሥዕል አንድ ሲኾን የሚዞረው እርሱ ነውና። ቹክ ጆንስ የተባለው ስመ ጥር የፊልም ሠሪ ይህን አሠራር ሥዕል የተጨመረበት ሬዲዮ ብሎ ነቅፎታል። ነቀፌታው ሐሰት አይደለም፤ ቶምና ጄሪን አይቶ ወደ ዮጊ የሚመለስ ሰው የሥዕሉን ድኽነት ወዲያው ያየዋል። ነገር ግን ይህ ዘዴ ባይገኝ ኖሮ ከኩባንያው የተባረሩት ሠዓሊዎች በየቤታቸው በቀሩ ነበር እንላለን።

የመዠመሪያው ሥራቸው ረፍና ሬዲ የተባለ የድመትና የውሻ ታሪክ በ1957 ዓ.ም. መጨረሻ ወጣ። በ1958 ዓ.ም. የወጣው ሐክልቤሪ ሐውንድ የተባለው የውሻ ታሪክ ደግሞ ኤሚ የተባለውን የቴሌቪዥን ሽልማት አገኘ፤ ከሥዕል ተከታታዮችም ይህን ሽልማት ያገኘ የመዠመሪያው እርሱ ነው። በመስከረም ወር 1960 ዓ.ም. ፍሊንትስቶንስ ተዠመረ። በድንጋይ ዘመን የሚኖሩ የኹለት ጎረቤታሞች ቤተ ሰብ ታሪክ ነው፤ የታሰበውም ለልጆች ብቻ ሳይኾን ከራት በኋላ ለሚቀመጡት ታላላቆች ነበር። ለዚህም ማስረጃ የሚኾነን በመዠመሪያዎቹ ዓመታት ወጪውን ከሚከፍሉት አንዱ የሲጋራ ፋብሪካ መኾኑ ነው፤ በማስታወቂያውም ጊዜ የታሪኩ ባለቤቶች ፍሬድና ባርኒ ራሳቸው ሲጋራ ሲያጨሱ ይታዩ ነበር። ዛሬ ይህን ልጆቹን ከጎኑ አስቀምጦ ለማየት የሚደፍር አባት ያለ አይመስለንም።

የባርኒን ድምፅ የሚሰጠው ሜል ብላንክ በጥር ወር 1961 ዓ.ም. በመኪና ግጭት አጥንቱ ተሰባብሮ፥ ራሱንም ስቶ ብዙ ቀን ተኛ። ለጊዜው ዶውስ ቡትለር የተባለ ባልደረባው ስለ እርሱ ተናገረለት። ብላንክ ነፍሱን ካወቀ በኋላ ግን ስቱዲዮው ሌላ ሰው በቦታው ከማቆም ይልቅ የድምፅ መቅረጫውን ወደ አልጋው አመጣለት፤ ባልደረቦቹም በዙሪያው ቆሙ፤ እርሱም በጄሶ እንደ ታሰረ የባርኒን ሳቅ ሳቀ። የስቱዲዮውን ምልክት ስናይ ከምናስባቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

ስለ ምልክቱም ስንናገር፥ የፍሊንትስቶንስ ታሪክ የሚዘጋው ፍሬድ ድመቱን ሌሊት ወደ ውጭ ሲያወጣ፥ ድመቱም በመስኮት ተመልሶ ፍሬድን ራሱን አውጥቶ በሩን ሲዘጋበት ነው። ፍሬድ በር እየደበደበ ሚስቱን ሲጠራ የሠራተኞቹ ስም በላዩ ያልፋል። ከዚያ በኋላ ግን የሚመጣው ማኅተም የሐናና የባርቤራ ሳይኾን ሥራውን የሚያከፋፍለው የስክሪን ጀምስ ኩባንያ ማኅተም ነበር። ይህ ኩባንያ ከ1965 እስከ 1974 ዓ.ም. ያሳየው ምልክት ኹለት መስመሮች በአንዲት ነጥብ ዙሪያ ተጠምዝዘው ኤስ የሚባለውን ፊደል ሲሠሩ የሚያሳይ ነው፤ ከኤሌክትሪክ መሣሪያ የወጣ እንግዳ ድምፅም አብሮት ይሰማል። ብዙ የአሜሪካ ልጆች ይህን ምልክት እጅግ ይፈሩት ነበር። ልጆቹ አድገው ፍርሃታቸውን ሲናገሩ የተሰማበት አጭር ፊልምም ሮድኒ አሸር በተባለ ሰው በ2010 ዓ.ም. ተሠርቷል። ታሪኩ አስቆ ካበቃ በኋላ ሕፃኑ ፊቱን በትራስ የሚሸፍነው ስለ ምን እንደ ኾነ ያልገባቸው ወላጆች ብዙ ነበሩ።

በ1966 ዓ.ም. መጨረሻ ታፍት የተባለው የብሮድካስት ኩባንያ ስቱዲዮውን በ12 ሚሊዮን ዶላር ለመግዛት ተስማማ። መሥራቾቹም በሥራው ራስ ላይ ቆዩ። ከዚህ ወዲያ የስቱዲዮው የገዛ ምልክት እየጎላ ሄደ። በመዠመሪያ ጊዜ ተራ ጽሕፈት ብቻ የነበረው በኋላ የኹለቱ ስሞች መዠመሪያ ፊደላት ወደ ፊት እየተወረወሩ የሚመጡበት ኾነ። በ1979 ዓ.ም. ደግሞ እየተሽከረከረ የሚሠራው ኮከብ ተተካ፤ ይኸውም በ1986 ዓ.ም. በኮምፒዩተር እንደ ገና ተሠራ። በዚያ ዘመን ያደጉት ኹሉ የሚያስታውሱት ይህን ኮከብ ነው። ከኮከቡ በታች በደቃቅ ፊደል የባለቤቱ ኩባንያ ስም ይጻፋል። ላይ ያለው ትልቁ ስም ሳይለወጥ ይኖራል፤ በታች ያለው ትንሹ ስም ግን በየሽያጩ ይለወጣል። እኛ ይህን ደቃቅ ጽሕፈት ከኮከቡ ይልቅ እንመለከተዋለን።

የእናቶችንም ነገር ሳንጠቅስ አናልፍም። ስቱዲዮው በቅዳሜ ጠዋት ያወጣቸው የጀግኖችና የጭራቆች ታሪኮች ድብድብ የበዛባቸው ነበሩ። በ1968 ዓ.ም. ፔጊ ቻረን የተባለች እመቤት በማሳቹሴትስ ከሌሎች እናቶች ጋራ ማኅበር አቋቁማ ስለ ልጆች ቴሌቪዥን መሟገት ዠመረች። እንዲህ ያለው ተቃውሞ ስለ በረታ ስቱዲዮው በ1969 ዓ.ም. ጡጫ የሌለበትን፥ ፈሪ ውሻና አራት ወጣቶች ምሥጢር የሚፈቱበትን ስኩቢ ዱን አወጣ። ውሻውን የሣለው ኢዋዎ ታካሞቶ ነው፤ እርሱም በኹለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከጃፓን ዘር በመወለዱ ከቤተ ሰቡ ጋራ በአሜሪካ የጥበቃ ሰፈር ታግዶ የነበረና የሥዕልን ሥራ እዚያ የተማረ ሰው ነው። ስቱዲዮው ከሠራው ኹሉ እስከ ዛሬ ረዥም ዕድሜ ያገኘው ይህ የእናቶች ቁጣ ያመጣው ውሻ መኾኑ ያስደንቀናል።

በ1970ዎቹ ዓመታት ሥራው ስለ በዛ፥ ወጪውንም ለመቀነስ ሲባል፥ የሥዕሉ ሥራ ወደ ሌሎች አገሮች ይላክ ዠመር። በ1972 ዓ.ም. በአውስትራሊያ ቅርንጫፍ ተቋቋመ፤ ኋላም ብዙ ሥራ ወደ ታይዋን ሄደ። የሆሊውድ ሠዓሊዎች በ1979 ዓ.ም. ሥራ አቁመው ጥቂት መብት አገኙ፤ በ1982 ዓ.ም. እንደ ገና ቢያቆሙ ግን ተሸነፉ። ሥዕሉን በእጁ የሚሠራው የታይፔ ወጣት ከኮከቡ በታች ስሙ አልተጻፈም፤ ባርቤራ በ1940 ዓ.ም. የደረሰበት ነገር በሌላው ላይ ደረሰ ማለት ነው። ይህንን የምንጽፈው ለመክሰስ አይደለም፤ የኹለቱ ሰዎች ስም ከፍ ብሎ የቆመው በብዙ ስም አልባ እጆች ላይ እንደ ኾነ ግን እንዲታወቅ እንወዳለን። የፍሊንትስቶንስ የመዠመሪያ ኹለት ዓመት ሥራዎች ደግመው ሲሸጡ የቀድሞው መክፈቻና መዝጊያ ተቈርጦ የኋለኛው ተቀጥሎበት ነበር፤ ማኅተሙም ከነስሞቹ አብሮ ተቈረጠ። ዛሬ አሮጌ ቅጂዎችን እየፈለጉ እነዚያን ጥቂት ሰከንዶች ወደ ቦታቸው የሚመልሱ ሰዎች አሉ። ሥራቸው ለብዙዎች የልጅ ጨዋታ ይመስላል፤ ለእኛ ግን የመዝገብ ቤት ሥራ ነው።

በ1991 ዓ.ም. ስቱዲዮውን የተርነር ኩባንያ ገዛው፤ በሚቀጥለውም ዓመት ካርቱን ኔትወርክ የተባለው ጣቢያ በእነዚሁ አሮጌ ፊልሞች ሀብት ተከፈተ። በ1996 ዓ.ም. ተርነር ራሱ ከታይም ዋርነር ጋራ ተቀላቀለ፤ በ1998 ዓ.ም. ሠራተኞቹ ከ1963 ዓ.ም. ዠምሮ የነበሩበትን የካዌንጋ ጎዳና ሕንፃ ለቀው ወጡ። ዊልያም ሐና በመጋቢት ወር 2001 ዓ.ም. ሞተ፤ ስቱዲዮውም በዚያው ዓመት በዋርነር ብራዘርስ የሥዕል ፊልም ክፍል ውስጥ ተዋጠ። ስሙ ግን አልጠፋም፤ በ2021 ዓ.ም. በለንደን የሚገኝ የካርቱን ኔትወርክ ስቱዲዮ ሐናና ባርቤራ ተብሎ ተሰየመ።

ስለ ባርቤራ አንድ ነገር ቀርቶናል። ባልንጀራው ከሞተ በኋላ በ2005 ዓ.ም. ዕድሜው ዘጠና አራት ዓመት ሲኾን አንድ የቶምና ጄሪ አጭር ፊልም ታሪኩን ደርሶ ከሌላ ሰው ጋራ አዘጋጀ። ድመቱና አይጡ እንደ ቀድሞው ይጣላሉ። ከመዠመሪያው ፊልም እስከዚህኛው ስድሳ አምስት ዓመት አልፏል፤ በዚህኛው ላይ ግን የጆሴፍ ባርቤራ ስም ተጽፏል። በሚቀጥለው ዓመት በታኅሣሥ ወር ሞተ።