ኦክሲጂን የጎደለው ውሃ የዓሣን ሥጋ እንዴት እንደሚጎዳ

ወላይታ ሕዝብ የበዛበት፣ የእርሻ መሬትም የተጣበበበት አገር ነው። የሕዝቡ ዋና ምግብ ከሆኑት አንዱ እንሰት ረኃብን የሚያስታግስ ታላቅ ተክል ነው፤ ነገር ግን ሰውነትን የሚገነባው ፕሮቲን በውስጡ ጥቂት ነው። ይህን ጉድለት ለመሙላት ከሚረዱት ሀብቶች አንዱ ዓሣ ነው። በደቡብ ምሥራቅ የአባያ ሐይቅ፣ በምዕራብ ደግሞ በኦሞ ወንዝ ላይ ተሠርቶ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የጊቤ ሦስተኛ ግድብ ውሃ ለወላይታ ቅርብ ናቸው። ስለዚህ ዓሣው እንዲበዛና ሥጋውም እንዲጠራ መጣር አገር ለሚያስተዳድር ሹምና መሬት ለያዘ ሰው ሁሉ የሚገባ ሥራ ነው።

ዓሣም እንደ ሰው ያለ ኦክሲጂን አይኖርም። ሰው ከአየር የሚስበውን እርሱ በውሃ ውስጥ ከሟሟው ይስባል፤ የሚስብበትም ብልት በራሱ ግራና ቀኝ ያለው ስንጥብ ነው። ነገር ግን ውሃ የሚይዘው ኦክሲጂን እጅግ ጥቂት ነው። ሙቀቱ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነ ንጹሕ ውሃ በባሕር ወለል ከፍታ በአንድ ሊትር 8 ሚሊግራም ያህል ብቻ ይይዛል። ውሃው በሞቀ መጠን፣ አገሩም ከባሕር ወለል ከፍ ባለ መጠን ይህ ልክ ይቀንሳል። ስለዚህ በሞቃት አገር ያለ ዓሣ በጠባብ ስንቅ የሚኖር ነው።

የዓሣ ጡንቻ ፕሮቲን ዘወትር ይፈርሳል፣ ዘወትርም ይታደሳል፤ ለማደስም ብዙ ኃይል ይፈጃል። ኦክሲጂን ባነሰ ጊዜ ኃይሉም ያንሳልና ዓሣው ነፍሱን ለማቆየት ሲል የሥጋውን ግንባታ ይቀንሳል፤ ይህም እህል ያነሰው ሰው ቤት መሥራቱን ትቶ ያለውን ለልጆቹ ጉርሻ እንደሚያቆይ ነው። ሊቃውንት በአውሮፓ የሚገኝ አንድ የካርፕ ወገን ዓሣ መርምረው በ1996 እ.ኤ.አ. እንደ ገለጡት፣ ኦክሲጂን ፈጽሞ በጠፋበት ውሃ የጡንቻው ፕሮቲን ሥራ በግማሽ ያህል ሲቀንስ የአንጎሉ ግን አልቀነሰም። እንግዲህ ኦክሲጂን በጎደለው ኩሬ ዓሣ የሚያረባ ሰው መኖውን በከንቱ ይጥላል፤ ዓሣው ይኖራል እንጂ አያድግም።

ሁለተኛው ጉዳት በሚያዝበት ጊዜ ይመጣል። በመረብ ታፍኖ ብዙ ሰዓት የታገለ ዓሣ በጡንቻው ያከማቸውን ኃይል ያለ ኦክሲጂን ይጨርሳል፤ በሥጋውም ውስጥ ላክቲክ አሲድ ይከማቻል። አሲዱና የቆላው ሙቀት ተባብረው ፕሮቲኑን ያበላሹታል፤ ሥጋው ቶሎ ይገተራል፣ ውሃውን ያፈስሳል፣ ይላላል፣ ገበያ ሳይደርስም ዋጋው ይወድቃል። «ዓሣ ግማቱ ካናቱ» ይባላል፤ የዚህ ዓሣ ብልሽት ግን የሚጀምረው ገና ሳይሞት፣ እስትንፋሱ ከታፈነበት ሰዓት ነው።

በኩሬ ውስጥ ኦክሲጂን የሚጎድልበት ዋና ምክንያት የፍግ መብዛት ነው። ጥቂት ፍግ ቆሮሶ የሚመገበውን አልጌ ያፋፋል፤ ሲበዛ ግን ይበሰብስና ኦክሲጂኑን ይጨርሳል። አልጌም ቀን በፀሐይ ኦክሲጂን ይሰጣል፣ ሌሊት ግን ይወስዳል። ስለዚህ ከሁሉ የሚያሠጋው ሰዓት ሊነጋጋ ሲል ነው። በዚያን ጊዜ ቆሮሶ ወደ ውሃው ፊት ወጥቶ አፉን ቢከፍት ውሃው መታመሙን ያመለክታል። አምባዛ ግን ከውሃው በላይ ያለውን አየር የሚስብበት ልዩ ብልት ስላለው፣ የእርሱ በሕይወት መኖር ለውሃው ጤና ምስክር አይሆንም።

በአባያ ደግሞ ብላቴና ሌሎች ወንዞች ከደጋው የሚያወርዱት አፈር ውሃውን ያደፈርሰዋል፤ ድፍርሱም ብርሃን ስለሚከለክል ኦክሲጂን የሚሰጠው አልጌ አይለማም። በሁምቦ ከ1999 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ በጥበቃ ዳግመኛ ደን እንዲለብስ መደረጉ አፈርን በስፍራው ለማቆየት የሚቻል መሆኑን ያሳያል።

ስለዚህ ሹማምንት እነዚህን ነገሮች ለሕዝቡ ማስረዳትና ማስጠበቅ ይገባቸዋል፦

1ኛ/ ፍግ በኩሬ ውስጥ በጥቂት በጥቂቱ እንጂ በአንድ ጊዜ በብዛት አይጣል፤
2ኛ/ ዓሣው ንጋት ላይ አፉን ከፍቶ ቢታይ ፍግና መኖ ይቁም፣ አዲስ ውሃም ከላይ እየተንፏፏ ይግባ፤
3ኛ/ መረብ ቶሎ ቶሎ ይነሣ፤ የተያዘውም ዓሣ ወዲያው ራሱን ተመትቶ ይሙት፣ ሆድቃው ይውጣ፣ በጥላና በቅዝቃዜ ይቀመጥ፤
4ኛ/ የወንዝ ዳር ሣርና ዛፍ አይመንጠር።

ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም፤ ትጋትን ብቻ ይፈልጋል። የውሃውን እስትንፋስ የጠበቀ ሰው የሕዝቡን ማዕድ ጠበቀ።